ሰባ ኪሎ እስከ ቅዳሜ

ዳይሬክተሩ፦ ጠበበ አልኩህ፣ ጠበበ! ላስቲክ ሲታጠብ ይሰበሰባል። አለቀ!

ሾፌሩ፦ ነጠላ ጫማው ነው የጠበበው?

ዳይሬክተሩ፦ እና ማን ሊሆን ነው?

ሾፌሩ፦ አይ... እግርዎ ሰፍቶ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ዳይሬክተሩ፦ በስድሳ ስምንት ዓመት እግር ይሰፋል እንዴ? የማደጊያ ጊዜዬ እኮ አልፏል፣ ወንድሜ!

ሾፌሩ፦ ሙቀት ያሰፋል ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት። ትናንት። እና በሙቅ ውሃ የታጠበ ጫማ እንዴት...

ዳይሬክተሩ፦ ትናንት ያወራሁህ ስለ ብረት ነው! ብረትና ላስቲክ አንድ ነው? ወይ መከራዬ! ጡረታ ስወጣ ከዚህ ሁሉ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

[ክፍሉ ባለ ሁለት አልጋ ነው፣ የልብ ሕመምተኞች የሚተኙበት። በመስኮቱ በኩል ያሉት አዛውንት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ኋላም ትምህርት ቤቱን የመሩ ሰው ናቸው። ልባቸው ደክሞ፣ ውሃ በሰውነታቸው ተጠራቅሞ፣ ሰኞ ዕለት በአምቡላንስ መጡ። እሳቸው ግን «በመኪና መጣሁ» ነው የሚሉት። በበሩ በኩል የተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ፖታሲየም የሚባለው ነገር በደሙ ውስጥ አንሶ ልቡ እንዳሻው ስትመታ ነው ያገኙት። ቀስ ብሎ ያስባል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ጠይቀውት መልሱ እስኪመጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ «ይሄ ሰው ገር ነው» ብለው ደምድመዋል። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከደመደሙ ደመደሙ ነው።]

ሾፌሩ፦ [ሙዝ እየላጠ] ኪሎዎ በየቀኑ ከቀነሰ ታዲያ እግርዎ ለምን...

ዳይሬክተሩ፦ ያ የያዝከው ምንድን ነው?

ሾፌሩ፦ ሙዝ። ሲስተር ናት ብላ ያለችኝ፣ ለፖታሲየሙ።

ዳይሬክተሩ፦ ሙዝ ሙዝ ነው፣ መድኃኒት መድኃኒት ነው! የሚላጥ መድኃኒት የት አይተሃል?

ሾፌሩ፦ [አሰብ አድርጎ] ኪኒኑም እኮ ከማሸጊያው ይላጣል።

ዳይሬክተሩ፦ [አልሰሙም። ያልጣማቸውን ነገር አለመስማት ተክነውበታል] ይልቅ የኔን ወረቀት አንሳና ጻፍልኝ። ሻይ፣ አንድ ሲኒ። ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ። በቃ።

ሾፌሩ፦ ሾርባውስ?

ዳይሬክተሩ፦ ሾርባ ምግብ ነው።

ሾፌሩ፦ ሲስተር ግን በቀን ከሊትር ተኩል እንዳያልፍ፣ የሚፈስ ነገር ሁሉ ይጻፍ ነው ያለችው።

ዳይሬክተሩ፦ ሾርባ በማንኪያ ነው የሚገባው። በማንኪያ የገባ ነገር ምግብ ይባላል። ይሄን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል!

ሾፌሩ፦ ትናንት ሲደፋብዎት ታዲያ አንሶላውን ያራሰው ምግቡ ነው?

[ዳይሬክተሩ ኮርኒሱን ያያሉ።]

ዳይሬክተሩ፦ ጻፈው እሺ። ሩብ ብርጭቆ በል።

ሾፌሩ፦ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ነው እኮ የጠጡት።

ዳይሬክተሩ፦ የበላሁት!

ሾፌሩ፦ [እየጻፈ] ሁለት... ጎድጓዳ... ሳህን... የተበላ።

ዳይሬክተሩ፦ እግዜር ይይልህ! ይኸውልህ፣ እኔ እዚህ ተኝቼ የሳህን ሒሳብ የምሠራበት ጊዜ የለኝም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዶክተሩ ምን አለ? «ሰባ ኪሎ ሲገቡ ይወጣሉ» አለ። ዛሬ ጠዋት ስንት ሆንኩ?

ሾፌሩ፦ ሰባ ከስምንት መቶ።

ዳይሬክተሩ፦ ሰኞ ሰባ ስድስት ነበርኩ። ነገ ሰባ እገባለሁ፣ ነገውኑ እወጣለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ እቆማለሁ። ልጄ ትመጣለች።

ሾፌሩ፦ ልጅ አለችዎት እንዴ? ጠያቂ ሲመጣ አላየሁም።

ዳይሬክተሩ፦ [ድምፃቸው ዝቅ ብሎ] አራት ዓመት አልተነጋገርንም። ባሏን አልወደድኩትም።

ሾፌሩ፦ ይጠጣል?

ዳይሬክተሩ፦ አይጠጣም።

ሾፌሩ፦ ይማታል?

ዳይሬክተሩ፦ ኧረ ዝንብ አይመታም። የኔ ተማሪ ነበር። በፊዚክስ ከመቶ ሠላሳ ሁለት ያመጣ!

ሾፌሩ፦ [በጣም ከቆየ በኋላ] ከዚያስ?

ዳይሬክተሩ፦ ምን ከዚያስ አለው? ይኼው ነው! ሠርጓ ላይ አልሄድኩም። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳ ሰባት ወሩ ነው፣ አላየሁትም። ባለፈው ሳምንት ራሷ ደወለችና «አባዬ፣ ቅዳሜ ልጁን ይዤልህ ልምጣ?» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ አልኳት።

ሾፌሩ፦ እዚህ ለምን አትመጣም?

ዳይሬክተሩ፦ አባቷን በፒጃማ ልታይ? ካራት ዓመት በኋላ አፍንጫዬ ላይ ቱቦ ተሰክቶ? ሆስፒታል መሆኔንም አልነገርኳት። አንተ ደግሞ የምትጠይቀው ጥያቄ!

ሾፌሩ፦ እሺ ጋሼ። ግን በሦስት ቀን አምስት ኪሎ... ምን ቢያደርጉ ነው?

[ዳይሬክተሩ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ ኮሪደሩ አዩ። ሚስጥሩ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያሳክካቸው ነበር። አንድ ሰው ብልሃቱን ካላደነቀላቸው ምኑን ብልሃት ሆነ?]

ዳይሬክተሩ፦ ጠጋ በል። ሚዛኑ ያለው መስኮቱ ሥር አይደል? ስወጣበት ቀኝ ክንዴን መስኮቱ ደፍ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ግቢውን የማይ መስዬ። በየቀኑ ጫን ጨመር። ማክሰኞ ብቻ ሁለት ኪሎ ሄደ!

ሾፌሩ፦ የት ሄደ?

ዳይሬክተሩ፦ ምኑ?

ሾፌሩ፦ ሁለት ኪሎው።

ዳይሬክተሩ፦ ወደ መስኮቱ ነዋ! ክብደቱ ለሁለት ተካፈለ!

ሾፌሩ፦ ሲወርዱስ? እዚያው መስኮቱ ላይ ትተውት ነው የሚመጡት?

ዳይሬክተሩ፦ ኧረ በስመ አብ! አንተን ያስተማረ ሰው ምንኛ ደክሟል!

ሾፌሩ፦ [ሙዙን ጨርሶ፣ ልጣጩን በጥንቃቄ አጥፎ] እኛም ሚዛን ጣቢያ ላይ እንደዚያ እናደርግ ነበር። ትርፍ ጭነት ካለህ የኋላውን አንድ ጎማ ከሚዛኑ ጠርዝ ወጣ አድርገህ ትቆማለህ። ተቆጣጣሪው ዝቅ ብሎ ካላየ አለፍክ።

ዳይሬክተሩ፦ አየህ! ሳትማር ፊዚክስ ትሠራ ነበር ማለት ነው!

ሾፌሩ፦ አንዴ ሃያ ኩንታል ትርፍ ይዤ አለፍኩ።

ዳይሬክተሩ፦ ጎሽ!

ሾፌሩ፦ ዳገቱ መሐል ሞተሩ ነደደ።

ዳይሬክተሩ፦ ...እ?

ሾፌሩ፦ ወረቀቴ ላይ ልክ ነበርኩ። ዳገቱ ግን ወረቀት አያነብም።

ዳይሬክተሩ፦ መኪናና ሰው ምን አገናኘው! ሞተር ሌላ... ልብ ሌላ...

[ሳል መጣባቸው። ሦስት ትራስ ደርበው ተደገፉና ትንፋሻቸውን ጠበቁ። ማታም እንደዚሁ ቁጭ ብለው ነው ያደሩት። ጋደም ሲሉ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላቸዋል። ይህንን ለዶክተሩ አልነገሩም፣ ለራሳቸውም ቢሆን በደንብ አልነገሩትም፣ ፈርተዋል።]

ሾፌሩ፦ [ተነስቶ] ስድስት ሰዓት ሆነ። ዊልቸሩን ላምጣና ፀሐይ ይሙቁ።

ዳይሬክተሩ፦ አምጣ እሺ። መሪ ካልያዝክ እንደማትውል አውቃለሁ፣ ለጽድቅ ብዬ ነው የምቀመጥልህ።

[ከማክሰኞ ጀምሮ ሾፌሩ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያንን ወፍራም ወንበር እየገፋ ይመጣል። ዳይሬክተሩ እንደ ሚኒስትር ተደላድለው ይቀመጡበታል። ኮሪደሩ መጨረሻ ሲደርሱ ሾፌሩ ይቆምና ከኋላቸው ትንሽ ጎንበስ ይላል። ዛሬም እዚያው ደርሰው ቆመዋል።]

ዳይሬክተሩ፦ እግሬን ከመሬት አንሳ ያልከኝ ለምንድን ነው?

ሾፌሩ፦ እንዳይጎተት ነው።

ዳይሬክተሩ፦ እኛ ቆመናል እኮ! የቆመ ነገር ይጎተታል?... ደግሞ ከኋላዬ ቆመህ ምንድን ነው የምታየው?

ሾፌሩ፦ ዳሽቦርዱን።

ዳይሬክተሩ፦ [እስኪያስላቸው ሳቁ] ዳሽቦርዱን! ወይ ምስኪን! ዊልቸርም ዳሽቦርድ አለው ብለሃል?

[ሲስተር መርፌና ፋይል ይዛ ትመጣለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው ሴት ናት።]

ዳይሬክተሩ፦ ሲስተር! እንኳን መጣሽ። ዛሬ ሰባ ከስምንት መቶ ነኝ። የመውጫ ወረቀቴን ከዛሬ ጀምረሽ አዘጋጂ፣ ነገ ግርግር እንዳይሆን።

ሲስተር፦ እሺ አባባ። [ወደ ሾፌሩ ዞራ] ስንት ነው?

ሾፌሩ፦ ሰባ አምስት ከስድስት መቶ። ከትናንቱ በስምንት መቶ ግራም ወርዷል።

ሲስተር፦ ጥሩ ነው፣ መጉደል ጀመረ ማለት ነው። [ትጽፋለች]

ዳይሬክተሩ፦ ምኑ ነው ሰባ አምስት?

ሲስተር፦ እርስዎ ነዎታ።

ዳይሬክተሩ፦ እኔ ሰባ ነኝ!

ሲስተር፦ የተቀመጡበት ወንበር ሚዛን ነው አባባ። ቆሞ መመዘን ለማይችል ሰው የተሠራ። ቁጥሩ በሚገፋው ሰው በኩል፣ ከኋላ ነው የሚታየው።

[ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ጠምዝዘው ለማየት ሞከሩ፣ አልደረሰላቸውም። ክንዳቸው ወደ መስኮት ደፍ ተዘረጋ። መስኮቱ ግን ለክንዳቸው ሩቅ ነበር።]

ዳይሬክተሩ፦ [ለሾፌሩ] አንተ... አሳበቅክብኝ?

ሲስተር፦ ኧረ አልነገረኝም። ማክሰኞ ሁለት ኪሎ ቀነሱ፣ ሽንትዎ ግን ግማሽ ሊትር አይሞላም፣ እብጠቱ ደግሞ ጉልበትዎ ደርሷል። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ራሴ ወጣሁበት፣ ደህና ነው። እሱን ብጠይቀው አሰበ፣ አሰበና «ሲስተር፣ ጎማ ያለው ሚዛን የላችሁም?» አለኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዳይሬክተሩ፦ ጠዋት ጠዋት ታዲያ ለምን ታስወጪኛለሽ?

ሲስተር፦ አንድ ቀን ክንድዎን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ። ትክክለኛው ኪሎ በየቀኑ አልጋዎ ግርጌ ተጽፎ ተሰቅሏል እኮ። እዚህ ክፍል የተለጠፈውን ሁሉ ሲያነቡ አያለሁ፣ የራስዎን ብቻ ዘለሉት።

ዳይሬክተሩ፦ የራሴን አውቀዋለሁ ብዬ ነዋ!

ሲስተር፦ [መርፌውን እየወጋች፣ ቀልዱን ትታ] አባባ፣ ዶክተሩ የጠዋቱን ቁጥር ቢያምን ኖሮ ውሃውን የሚያወጣውን መርፌ ይቀንስልዎት ነበር። ውሃው ሳንባዎ ውስጥ ይሞላል። ቅዳሜ በር ላይ የሚቆም ሰው አይኖርም ነበር።

[ሄደች። ሾፌሩ ወንበሩን እየገፋ ወደ ክፍሉ መለሳቸው። ነጠላ ጫማቸው አልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነው፣ አልጠበበም፣ ድሮም አልጠበበም።]

ዳይሬክተሩ፦ ሳቅብኝ እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?

ሾፌሩ፦ ኧረ ምን ያስቃል ጋሼ። እኔ ያቃጠልኩት የመኪና ሞተር ነበር፣ በሌላ ይቀየራል።

ዳይሬክተሩ፦ በሚዛን ትምህርት ከመቶ ስንት ትሰጠኛለህ?

ሾፌሩ፦ [ጣቱን እየቆጠረ፣ ሳይቸኩል] ሠላሳ ሁለት አይበዛብዎትም?

[ዳይሬክተሩ ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አወጡ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ በሦስተኛው ገባላቸው።]

ዳይሬክተሩ፦ ሄሎ... እኔ ነኝ ልጄ... አይ፣ ቤት አይደለሁም... ትንሽ ልቤን... አይ፣ ትንሽ አይደለም። ሆስፒታል ነኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ... አታልቅሺ በቃ! እያወራሁሽ አይደል?... ቅዳሜ አልወጣም። እዚሁ ነይ... በፒጃማ ነኝ፣ እንዳትስቂ... እሱም ይምጣ። አዎ፣ እሱም። ንገሪው፣ እኔም ሠላሳ ሁለት አምጥቻለሁ በይው... በምን ትምህርት? ሲመጣ እነግረዋለሁ።

[ስልኩን ዘጉ። ዓይናቸውን በፒጃማቸው እጅጌ ጠረጉ፣ ጉንፋን ነው አሉ፣ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።]

ዳይሬክተሩ፦ ስማ። በር ላይ እቀበልሻለሁ ብያታለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ቅዳሜ እስከ ዋናው በር ትገፋኛለህ። በዚያው ባለ ዳሽቦርድ ወንበር።

ሾፌሩ፦ እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ግን...

ዳይሬክተሩ፦ ምን?

ሾፌሩ፦ ወንበሩ ላይ ሆነው ሕፃኑን እንዳያቅፉት።

ዳይሬክተሩ፦ ለምን አላቅፈውም? አራት ዓመት ሙሉ...

ሾፌሩ፦ በአንድ ቀን ስምንት ኪሎ ጨመሩ ተብሎ መርፌው እንዳይበዛብዎት ብዬ ነው።

ዳይሬክተሩ፦ [ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው] ይጻፍ! ስምንቱም ኪሎ ይጻፍልኝ! መስኮቱን አልነካም።