የመምህሩ ባዶ ማስቀመጫዎች

የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ተመስገን በሉ። ወልድያ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ የሚሰበስበው የጥንት ቻይናዎች የሠሩትን የብርጭቆ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ነጭ ብርጭቆ ላይ ቀይ ብርጭቆ ይደርቡና ቀዩን እየፈለፈሉ ዘንዶ ያወጡበታል። ታዲያ አበባ ይገባበታል? ወዲያ! ውኃ እንኳ አይነካውም። ቡፌው ላይ ደርድሮ፣ እንግዳ አጠገቡ ሲደርስ ትንፋሹን እንዲይዝ ይለምናል።

በቀደም የአከራዩ እናት እማማ ዘሀራ ከመርሳ መጡ። እሱም አንዱን ማስቀመጫ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አሳያቸው። እሳቸው ግን ዘንዶውን ትተው በአፉ በኩል ወደ ውስጥ አዩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ።

«ሁሉም ባዶ ነው ልጄ?»

«ሁሉም ባዶ ነው እማማ!» አለ በኩራት።

«ያረቢ! ታዲያ ምነው ሳትነግረን?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አላህ ይሙላላችሁ!»

አላህም አልዘገየም። በማግስቱ ወዳጄ ከሥራ ሲመለስ፣ እማማ ዘሀራ ሚስቱን በር አስከፍተው፣ ከጎረቤት ባሰባሰቡት፣ ከግራና ከተማ በመጣ ማር ማስቀመጫዎቹን እስከ አፋቸው ሞልተው ጠበቁት። ምን ይበል? እየመረቁት እኮ ነው! «አሜን» አለ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

ማሩን ግን ቀመሰው። አሁን ማሩ ባለቀ ቁጥር ማስቀመጫዎቹን አጥቦ ይደረድርና እማማን ለጉብኝት ይጠራል።

እኔስ? እኔም ጥበብ ወዳድ ሆኛለሁ። ትናንት አንድ ማስቀመጫ ገዛሁ፤ ሆዱ ትልቅ፣ አፉም ሰፋ ያለ ነው።