ሌዘር እና የእትየ እናኑ ንቅሳት

እኛ ጥርሳችንን ከምግብ ይልቅ ለንግግር ነው የምንጠቀምበት። የጠላነው ሰው ጥርሳችን ውስጥ ይገባል፤ ችግር ሲመጣ ጥርሳችንን ነክሰን እናልፋለን። ጥርሱ ራሱ የታመመ ዕለት ግን ቅርንፉድ እንሸጉጥበትና ዝም እንላለን። ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ለማስነቀል ብቻ ነው። ሳያመን ሄዶ አፍን ከፍቶ «እስቲ እዩልኝ» ማለት በሽታን ስም ጠርቶ መጋበዝ ይመስለናል። እናንተም ይህን ስታነቡ አንዷን ጥርስ በምላሳችሁ ነካ አድርጋችኋል፤ አውቃለሁ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የጥርስን ሥዕል ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሣልሁ አልቆጥርም። ታዲያ ባለፈው በጋ አክስቴ እትየ እናኑ ከቡሬ ገጠር ሊጠይቁኝ መጡና ማር ሲቀምሱ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። ነገሩ ሳይብስ ብዬ፣ አዲስ መሣሪያ አስመጥታለች ወደምትባል የጥርስ ሐኪም ወሰድኋቸው። ዶክተሯ ጥርሳቸውን አድርቃ ስታይ አንዱ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ አገኘች። ሊቦረቦር ጀማምሮታል፤ ገና ስለሆነ ግን መሰርሰርም መንቀልም አያሻም። በሌዘር ጨረር የጥርሱን ገጽ ታጠነክርና ፍሎራይድ ትቀባዋለች፤ ሁለቱ ተጋግዘው መበስበሱን ያዘገዩታል።

«ሌዘር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እትየ እናኑ አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእትየ እናኑ ድድ ዙሪያውን እንደ ነጠላ ጥለት የተነቀሰ ነው፤ ለሰርጋቸው ሰሞን እናታቸው በገዛ እጃቸው፣ በእሾህና በጥላሸት የነቀሷቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ደግሞ ባሕር ዳር ሄዳ የአንገቷን ንቅሳት በሌዘር አስጠፍታ ስትመለስ በዓይናቸው አይተዋል።

«ልጀ፣ የናቴ ፎቶ እንኳ የለኝም» አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። «የቀረችኝ እዚህ አፌ ውስጥ ናት። ጥርሱ ይርገፍ እንጅ እሷን አላስጠፋም።»

እውነቱን ልናገር፣ ስንት ዓመት ያስተማርሁት ባዮሎጂ ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ዶክተሯ ግን ነበራት። «እናቴ፣ ጨረሩ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ብቻ ነው። ድድዎን በጎማ ሸፍኜ ነው የምሠራው፤ ንቅሳትዎን አልነካም» አለቻቸው። እትየ እናኑ የቅኔ መምህር ልጅ ናቸውና ቃል ብቻውን አያሳምናቸውም። ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እንግዲያው መጀመሪያ የሱን ሥሪለትና እኔ ልመልከት።»

የኔ ምንም የለበትም ልል አፌን ስከፍት የቅርንፉድ ሽታ ቀደመኝ። ይህን አልነገርኋችሁም፤ ከዓመት ወዲህ የማኝከው በግራ በኩል ብቻ ነው። ዶክተሯ በትንሿ መስታወቷ ቀኝ ቀኙን ቃኘችና «መምህር፣ የእርስዎን የሚያዘገይ ጨረር የለም። እስከ ሥሩ ተበልቷል፤ መንቀል ነው» አለች። ያኔ እትየ እናኑ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«እኔን ቶሎ ሥሪኝ፣ ልጀ።»

ተሠርተው ሲያበቁ የጠየቁት መስታወት ብቻ ነበር። ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ንቅሳቱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት። «አለች» አሉ ቀስ ብለው። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። ዶክተሯ ሕክምናው መበስበሱን እንደሚያዘገየው እንጂ ጨርሶ ላያስቀረው እንደሚችል፣ በየጊዜውም መታየት እንዳለባቸው ስትነግራቸው፣ «ማዘግየቱ ለኔ ዕድሜ ይበቃል» ብለው አሳቋት። ከዚያ ወንበሩ ላይ የኔ ተራ ሆነ።

በባጃጅ ስንመለስ በሸንኮራ ሻጮች በኩል አለፍን። እሳቸው የተቀቡት እንዳይለቅ ለጊዜው ጠንካራ ነገር ተከልክለዋል፤ እኔ በቀኝ በኩል ጥጥ ነክሻለሁ። ሁለታችንም ሸንኮራውን በዓይናችን ሸኘነው። እትየ እናኑ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን እናቴ ነቀሰችኝ፤ አንተን ዶክተሯ ነቀለችህ» አሉ። «ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። መምህር ሆነህ እንዴት ሳትሃት?»

እንደ ልማዳችን ጥርሴን ነክሼ እንዳላልፈው፣ በዚያ በኩል የቀረኝ ጥጥ ብቻ ነበር።