የእድሩን ቤት ሶላር ከመሬት ስለማገናኘት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ገበያ ዳር መረዳጃ እድር፣ መተማ ዮሐንስ
ቀን፦ እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የእድሩ ቤት

ስብሰባው የተጠራው ከጠዋቱ 1፡00 ሲሆን የተጀመረው 2፡25 ነው። የዘገየውም በሩን የሚነካ ሰው በመጥፋቱ ነው።

የተገኙ
1. አቶ ገብረማርያም፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ባየልኝ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ጠባቂ (ደንቡን በፌስታል ይዘው ቀርበዋል)
3. ወይዘሮ መነን፣ የመስተንግዶ ኃላፊ
4. ወይዘሮ ስርጉት፣ የዕቃ ቤት ኃላፊና ቁልፍ ያዥ
5. ደረበ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ
አቶ ንብረት፦ ለሰሊጥ መሬት ምንጣሮ ቋራ ናቸው።
አቶ ጌች፦ እስከ በሩ ደርሰው፣ በሩ ስለነዘራቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በግማሽ ይቆጠሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውድቅ ሆኗል።

ከሰባት የኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባለፈው ስብሰባ «ያላልኩት ተጻፈ» የሚል ቅሬታ ስለነበረ፣ ዛሬ አንዳንድ ንግግር እንደ ወረደ ተመዝግቧል።

የስብሰባው መነሻ

በእድሩ ቤት ጣራ ላይ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች አሉ። ለማቀዝቀዣውና ለድምፅ ማጉያው ያገለግላሉ። ከአንድ ወር ወዲህ የብረት በሩን የነካ ሁሉ ይነዘራል። በሩን በየቀኑ የሚከፍቱት ወይዘሮ ስርጉት የቀኝ እግራቸውን የፕላስቲክ ጫማ አውልቀው እጃቸው ላይ ያጠልቃሉ፤ ከዚያም በግራ እግራቸው ብቻ ቆመው በሩን ይገፋሉ። ዛሬም የተከፈተው በዚሁ አኳኋን ነው።

የሶላር ባለሙያው ኡመይር ጣራውን አይተው ሁለት ገጽ ጽፈዋል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገጽ አንብቧል። ይዘቱም፦ አንድ ሽቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ተፍቆ ተልጧል፤ በሩን የሚያነዝረው እርሱ ስለሆነ ይቀየራል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ክረምቱ ከነመብረቁ እየመጣ ስለሆነ የሰሌዳዎቹ ብረትና ጣራው በመዳብ ገመድ ተያይዘው፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ካለው የመዳብ ዘንግ ጋር መሬት ውስጥ መግባት አለባቸው። ሰብሳቢው «ሙቀቱ በረታ፤ ነገሩ ገብቶናል» ስላሉ ሁለተኛው ገጽ አልተነበበም። ባለሙያው አባል ባለመሆናቸው ከደጅ፣ ከጥላ ሥር እንዲጠብቁ ተደርጓል።

አጀንዳ 1፦ ዘንጉ በምን ይቆፈርለት?

አቶ ባየልኝ ደንቡን ከፌስታል አውጥተው አንቀጽ 14ን አነበቡ፦ «ዶማና አካፋ ከዕቃ ቤት የሚወጡት ለቀብር ብቻ ነው።» አንቀጹ የገባው ከዓመታት በፊት አንድ ዶማ ገለጉ ከተማ ሄዶ በመቅረቱ እንደሆነ አስታወሱ። ጸሐፊው ከቤቱ ዶማ ሊያመጣ ጠየቀ። አቶ ባየልኝም አንቀጽ 15ን አነበቡ፦ «በእድሩ ግቢ ከእድሩ ዶማ በቀር ሌላ ዶማ አይቆፍርም።»

ወይዘሮ ስርጉት፦ «እንግዲያ ዶማው እንዲወጣ ሰው ይሙት ነው የምትሉኝ?»

አቶ ባየልኝ፦ «እኔ አላልኩም፤ አንቀጹ ነው።»

ወይዘሮ ስርጉት፦ «ይሁን፣ እኔ ልሙት። በሩ ይግደለኝ። ዶማውም፣ ድንኳኑም፣ ቃሬዛውም ያለው እዚሁ ከበሩ ውስጥ ነው። ማን ከፍቶ ነው የምትቀብሩኝ?»



ወይዘሮ መነን፣ ዶማው ለቀጣዩ ቀብር ሲወጣ የዘንጉም ጉድጓድ አብሮ እንዲቆፈር ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ቀጣዩ ቀብር መቼ እንደሚሆን ጠየቁ። በዚህ ጊዜ አቶ ባየልኝ በማሳላቸው ተሰብሳቢው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። አቶ ባየልኝ «ምን ታፈጣላችሁ? ሳሉ የአቧራ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ» ብለዋል። ሳሉ የአቧራ ነው።

ከረዥም ውይይት በኋላ ዘንጉ በጊዜያዊ አባልነት ተመዝግቦ እንደ ማንኛውም አባል በእድሩ ዶማ ይቆፈርለት ተብሎ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ስርጉት ተቃውመዋል፤ ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ሆኖም በአንቀጽ 6 መሠረት አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው አገልግሎት ስለማያገኝ፣ ቁፋሮው ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ጊዜ ዝናቡ ስለሚያባራ ለሥራው ይመቻል ተብሏል።

ወይዘሮ ስርጉት፦ «እስከ ኅዳር እኔ በምን ልክፈተው?»

ሰብሳቢው፦ «በጫማሽ ነዋ፣ እህቴ! ለምደሽው የለም እንዴ?»

ወይዘሮ ስርጉት የሚጠጣ ውሃ እንደሚያመጡ ተናግረው፣ ጫማቸውን እጃቸው ላይ አጥልቀው በ3፡10 ወጡ።

አጀንዳ 2፦ ዘንጉ የት ይተከል?

ጸሐፊው መብረቅ ቢመታ በገመዱ በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ አስረዳ። ሰብሳቢው የሰሊጥ መጋዘናቸው ከእድሩ ቤት በስተምሥራቅ የሚዋሰን በመሆኑ፣ ምንም ዓይነት መብረቅ በእርሳቸው በኩል እንዳይወርድ አጥብቀው አሳሰቡ። ወይዘሮ መነን በስተምዕራብ ጎረቤት በመሆናቸው «የእኔን ግመል ሊመታ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ግመሏ ባለፈው ዓመት መሸጧን አስታወሱ። ወይዘሮ መነን ሌላ ሊገዙ እንደሚችሉ መለሱ። አቶ ባየልኝ ገመዱ እስከ ከብት ገበያው ተስቦ መብረቁ እዚያ ይለቀቅ፣ በገበያ ቀን ግን አይሁን አሉ።

በውይይቱ መካከል ከውጭ የብረት ድምፅ ተሰማ። አቶ ባየልኝ በመስኮት «እናንተ! ጉባኤ ላይ ነን!» ብለው ጮኹ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ቀጠለ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ዘንጉ ከሁለቱም ጎረቤቶች እኩል ይራቅ ተብሎ ተወሰነ። ጸሐፊው በእርምጃ ሲለካ እኩል የሚርቀው ቦታ የስብሰባው ጠረጴዛ ያለበት ሆኖ በመገኘቱ፣ ጠረጴዛው በኅዳር እንዲነሣ ተጨማሪ ውሳኔ ተላልፏል።

አጀንዳ 3፦ ዘንጉ ውሃ ስለመጠጣቱ

የእኛ ዋልካ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ በዘንጉ ዙሪያ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ መፍሰስ እንዳለበት ባለሙያው በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ጽፈዋል። ወይዘሮ መነን ውሃው ከማቀዝቀዣው መሆን አለመሆኑን ጠየቁ። ሰብሳቢው በዚህ ሙቀት ለአባል ትኩስ ውሃ መስጠት ነውር ነው አሉ። አቶ ባየልኝ ጊዜያዊ አባል ቀዝቃዛ ውሃ እንደማይገባው ተከራከሩ። ከረዥም ውይይት በኋላ ለብ ያለ ይሁን ተብሏል።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ

ከጠዋቱ 4፡50 ላይ ወይዘሮ ስርጉትና ባለሙያው ኡመይር በመስኮቱ ብቅ አሉ። ባለሙያው ላባቸውን እየጠረጉ «ኸላስ! አለቀ» አሉ። ሽቦው ተቀይሯል፤ ሰሌዳዎቹና ጣራው በገመድ ተያይዘዋል፤ ዘንጉም ከጓሮ ገብቷል።

ሰብሳቢው፦ «በማን ዶማ?»

ኡመይር፦ «የምን ዶማ፣ ጋሼ? ዘንግ በመዶሻ ይመታል እንጂ አይቆፈርለትም። መዶሻው የራሴ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ'ኮ።»

ጸሐፊው ሁለተኛውን ገጽ አነበበ። ተጽፏል።

አቶ ባየልኝ መዶሻን የሚከለክል አንቀጽ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ፈልገው አላገኙም። ሆኖም ዘንጉ ስድስት ወር ሳይሞላው አገልግሎት ማግኘቱ ለሌሎች አባላት መጥፎ ምሳሌ ስለሚሆን፣ ወጥቶ በኅዳር በሥርዓቱ እንዲገባ ተወሰነ። ሰብሳቢው፣ አቶ ባየልኝና ወይዘሮ መነን ወጥተው ከመሬት በላይ የቀረውን ስንዝር የሚያህል ጫፍ ይዘው ሳቡ። ዘንጉ አልተነቃነቀም። የሰብሳቢው ወገብ ተነቃንቋል። ባለሙያው ካልተቆፈረ እንደማይወጣ ገለጹ። ለመቆፈር ዶማ፣ ለዶማ ቀብር እንደሚያስፈልግ አቶ ባየልኝ አንቀጹን ሳያዩ በቃላቸው ተናገሩ።

ሰብሳቢው ወገባቸውን ይዘው «በቃ፣ ይተኛበት» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1፣ 2፣ 3 እና 4 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። የዘንጉ አባልነት ተሰርዟል፤ ጠረጴዛው አይነሣም፤ ውሃው እንደ ማንኛውም ውሃ ይሁን። ዘንጉ እድሩ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ እዚያው እንደነበረ ይቆጠራል፤ ስለሆነም ኮሚቴው በዛሬው ዕለት ስለ እርሱ አልተሰበሰበም።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡05 ተበተነ። ሲወጡ ሰብሳቢው የብረት በሩን በባዶ እጃቸው ይዘው፣ ስለ ወገባቸው ለወይዘሮ መነን ሲያወሩ ቆዩ። ምንም አልሆኑም፤ ልብም አላሉትም። ወይዘሮ ስርጉት ግን የሰብሳቢውን እጅ አዩ፤ በሩን አዩ። ከዚያም ጫማቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ እግራቸው ላይ አጥልቀው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው በሩን ቆለፉ።

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ እንዲሰረዝ ሰብሳቢው አዘዋል። ጸሐፊው ስብሰባው ከተበተነ በኋላ የተሰጠ ትእዛዝ ስለሆነ አልተቀበለም።

ደረበ፣ ጸሐፊ
(ፊርማ)