ሙዙን አወቅኩት፣ እሷን ግን አላወቅኳትም

ዛሬ ገበያ መሃል የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ ግማሻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ!

አንዲት ሙዝ ሻጭ ፊት ቆምኩ። ዘለላውን ገና ሳየው «ይሄ የጫኖ ነው። የአቶ ዳና ማሳ!» አልኩ። ኤክስፐርት ነኛ!

ሴትየዋ ፈገግ አለች። «እኔንስ ጋሼ?»

አፍጥጬ አየኋት። ምንም!

ለካ የአቶ ዳና ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ በገበሬዎች ማህበር ሙዝ ተረካቢ ሳለሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ታስረክበኝ የነበረችው!

አትፍረዱብኝ። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ እንደምትለው፣ አንጎላችን ፊት የሚለይበት ቦታ ሰው ዕድሜ ልኩን ያፈጠጠበትንም ነገር እንደ ፊት መለየት ይለምዳል። የኔው በሙዝ ተሞልቷል ማለት ነው። ያኔ ሰው ሲመጣ ሸክሙን እንጂ ፊቱን አላይም ነበር። የእያንዳንዱ ገበሬ የማጭድ አመታት ይለያያል፤ ዳና የዘለላውን አገዳ ሁለቴ ሰያፍ መትቶ ነው የሚቆርጠው። ልጅቷም ከሱ ወርሳለች።

ይህን ችሎታዬን ከላንቴ መንደር እስከ ከተማው ድረስ የማያውቅ አልነበረም። እኔም ስታወቅ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን የቀበሌ ታጣቂዎች ግማሹ የተበላ ዘለላ ይዘው መጡ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ነው ያገኙት።

«አንተ ዘለላ አይተህ ባለቤቱን ትጠራለህ አሉ። እስቲ የማን ነው?»

ለምን ፈለጋችሁት አላልኩም። ታጣቂዎቹ ሁሉ ከበው እያዩኝ ነዋ!

«የአቶ ዳና!»

አጨበጨቡልኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ሞኙ!

አቶ ዳና ከብሔራዊ ውትድርና የሸሸ ልጁን ጫካ ደብቆ በዚያ ሙዝ ይመግበው ነበር። አባትየውን ተከታትለው በሦስተኛው ቀን ልጁን ያዙት። ግንባር ላኩት። አልተመለሰም።

ዛሬ እህቱ ሙዙን እያቀበለችኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«አባቴ እስኪሞት ‹ማን ጠቆመብን› እንዳለ ነው። እርስዎ ያኔ ከብዙ ሰው ጋር ይውሉ ነበር። የሰሙት ነገር የለም ጋሼ?»

«የለም» አልኩ።

ሁለት ሙዝ መረቀችልኝ። «እድሜ ይስጥዎ» አለችኝ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ በዚህ ሽበቴ።

ነገ ተመልሼ እውነቱን ልነግራት አስቤያለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ፊቷን ለማስታወስ ብሞክር ብሞክር እምቢ አለኝ! እውነት ፊቷ ጠፍቶብኝ ነው፣ ወይስ ለመቅረት ሰበብ እየፈለግኩ?