የመምህር አሳምነው የአልኮል ማሞቂያ

(መካነ ሰላም፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን አጥለቅልቃዋለች። ወጣቱ የኬሚስትሪ መምህር አሳምነው ከባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ የሠራውን ማሞቂያ ይዟል፤ ሽማግሌው የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ጋሽ ሙእሚን ክብሪት ይዘው ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩ “ዛሬ ውሃ ካልፈላ ክፍሉ የወንበር መጋዘን ይሆናል” ብለዋል። ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። የአሳምነው ልብ ፈርቷል፤ ምላሱ ግን አልሰማም።)

አሳምነው፦ ኩራዝ አይደለም አልኩዎት እኮ!

ሙእሚን፦ ጠርሙስ አለው፣ ክር አለው፣ ክዳኑም ተበስቷል። ታዲያ ምኑ ነው ኩራዝ ያልሆነው?

አሳምነው፦ ደጎሎ ገበያ የሚሸጥ ቆርቆሮ መሰለዎት? ኩራዝ የሚጠጣው ላምባ ነው። ይሄ አልኮል ነው የሚጠጣው።

ሙእሚን፦ አስተግፊሩላህ! በትምህርት ቤት ውስጥ?

አሳምነው፦ ማንም አይጠጣውም!

ሙእሚን፦ አሁን “ይጠጣል” አሉ እኮ።

አሳምነው፦ ክሩ! ክሩ ነው የሚጠጣው! አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የከረምኩት ከእርስዎ ጋር ስለ ክር ልጨቃጨቅ ኖሯል! ክብሪቱን ያምጡት።

(ጭሮ ወደ ክሩ አስጠጋ። ጠበቀ። ምንም አላየም። ላብ አጠመቀው።)

አሳምነው፦ አልያዘም።

ሙእሚን፦ ይዟል።

አሳምነው፦ የታለ? ነበልባል አይተው አያውቁም?

ሙእሚን፦ ሙቀቱ እዚህ ድረስ ይመታኛል።

አሳምነው፦ እሱ ፀሐይ ነው! ፀሐይና እሳት የማይለይ ሰው ቤተ ሙከራ ይቀጠራል? ጉድ እኮ ነው!

ሙእሚን፦ መምህር፣ ባይጠጉት...

አሳምነው፦ ዝም ይበሉ! ክሩ ደርቆ እንደሆነ ላሽትተው።

(አፍንጫውን አስጠጋ። የተለበለበ ጸጉር ሽታ ቤቱን ሞላው።)

አሳምነው፦ ዋይ! ሪዜን! ሪዜን!

ሙእሚን፦ (እርጥብ ፎጣ እያቀበሉ) አብሽሩ፤ ግማሹ ተርፏል።

(ሽማግሌው ሳይቸኩሉ ውሃ የያዘ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ በባለ ሦስት እግር ብረት ላይ አድርገው ከጠርሙሱ በላይ አቆሙት። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ተንተከተከ። አሳምነው ፎጣውን አፉ ላይ እንደያዘ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አለ።)

አሳምነው፦ እንዴት... እንዴት አወቁ?

ሙእሚን፦ የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም።

አሳምነው፦ ይሄን ደግሞ ማን ነገረዎት?

ሙእሚን፦ እርስዎ ነዎት! ባለፈው ሰኞ ለልጆቹ ሲያስተምሩ በር ላይ ቆሜ ሰማሁዎት። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና የተማረ ሰው የሚያስተምረውን ያውቀዋል ብዬ አመንኩ።