የኬኒንግተኑ የፕሮስቴት አምባሳደር

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ታሞ የዳነና በዚያው ሐኪም ሆኖ የቀረ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ሲድን ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ይሄኛው ሲድን ይሾማል።

የእኛ ተሿሚ ክቡር ጋሽ ከማለዲን ናቸው፤ የለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የኬኒንግተን ሰው። ባለቤታቸው እትዬ መይሙና ራሳቸው «ዶክተሩ የሉም፣ ወጥተዋል» እያሉ ነው ስልክ የሚያነሱት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው፤ በሮቦት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ዳኑ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ሮቦቱ ብቻውን እንዳይመስላችሁ» ይላሉ። «ሐኪሙ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይነዳዋል። ልክ እንደ እኔ! የዛሬ ሕክምና የድሮው አይደለም።» ይህን የሚሉት ምግብ ሲቀርብ ነው።

ሃክኒ ውስጥ በተደረገ ሠርግ ላይ የሙሽራዋን አባት፣ አቶ ዘርይሁንን፣ ኬኩ አጠገብ ያዟቸው።

«ዘርይሁን፣ ደም ተመርምረሃል?»

«ጋሽ ከማለዲን፣ ዛሬ እኮ ልጄን እየዳርኩ ነው።»

«እሱማ ያልፋል።»

ብሪክስተን ገበያ ውስጥ ደግሞ ሎሚ እየመረጥኩ ሳለ ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «ሳህሉ! ሽንትህ እንዴት ነው?» አሉኝ። ሎሚውን ትቼ ሄድኩ።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ምንም አያመኝም» አልኳቸው።

«እኔንም ምንም አላመመኝም ነበር። ለዚህ እኮ ነው የሚመረመረው። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ይበዛል።»

«ጋሼ፣ ያ ምርመራ ግን…»

«የምትፈራውን አውቄዋለሁ። መጀመሪያ ደም ነው፤ ክንድህን ብቻ ነው የምትሰጠው!»

ይተውኝ ብዬ የሰፈር ሐኪሜ፣ ጂፒዬ ጋ ሄድኩ። የደም ምርመራው ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። በኤምአርአይ ሲነሳ አንድ ጥላ ታየ። ድሮ በግምት እዚህም እዚያም ይወጋ ነበር አሉ፤ እኔን ግን ምስሉን እያዩ ጥላው ካለበት ናሙና ወሰዱ። ሁሉንም ጋሽ ከማለዲን አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ነርሷ ስታስረዳኝ በየመሃሉ «አዎ፣ አውቃለሁ» እላለሁ።

የውጤቱ ቀን አብረውኝ መጡ። ለነገሩ ሌላ የሚመጣ ሰው የለኝም፤ ከእናቴ ሞት በኋላ ብቻዬን ነኝ። ተራ ጠባቂዎቹ መካከል ተቀመጥን። አምባሳደሩ ግራና ቀኛቸው በዕድሜ የደረሱ ወንዶች ሞልተው፣ አንዱንም አልጠየቁም።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«የራሴ ቀን እንዲህ አልፈራሁም» አሉና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «የክርስትና ስምህ ማነው?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ዱዓ ላደርግልህ ነው። ሳህሉ ብዬ ብለምን፣ ስንት ሳህሉ አለ! ፈጣሪ ፊት የምትጠራበትን ንገረኝ።»

«ፍቅረ ማርያም።»

«ማርያምን እኛም እናከብራታለን» ብለው ተነሱና ወደ ሆስፒታሉ የጸሎት ክፍል ሄዱ።

ወዲያው ተጠራሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ካንሰር አለ። ትንሽና ዝግተኛ ነው። አሁን ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አያስፈልግም፤ በየጊዜው ደምና ምስል እያዩ ይከታተሉታል፤ ከተነቃነቀ ያክሙታል። «በጊዜ በመምጣትህ ነው» አለችኝ።

ስወጣ ጋሽ ከማለዲን የአንድ ጫማቸውን ተረከዝ እንደረገጡ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ነገርኳቸው። ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«መይሙና! ደህና ነው! ፍቅረ ማርያም ደህና ነው! ፍቅረ ማርያም!»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። ቀስ ይበሉ ልላቸው ነበር። ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እስኪበቃቸው እንዲጮኹ ተውኳቸው።