ቀድመን የሰረቅነው ካዝና

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የእህል ጎተራ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። የታሪክ አራሚ የሌለው ግን አላየሁም።

የእኛዋ የኮተር ቤንድ አራሚ ክብርት ወይዘሮ ኦርፋ ቲድዌል ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥተዋል፤ ከታሪክ ጡረታ የሚያወጣቸው ግን አልተገኘም። ማስረጃቸውን በጫማ ካርቶን ይዘው ይዞራሉ። የተጠራጠራቸውን ሁሉ በሁለት ቃል ያሰናብቱታል፦ «ወረቀቱ አለኝ።»

ሽማግሌው ሃርላን ፕሩት ሲቀበሩ ፓስተሩ «በ1951 ወደ መካከላችን መጡ» አሉ። ከሦስተኛው መደዳ «ሃምሳ ሁለት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓስተሩ አረሙ። ሟቹም አልተቃወሙም።

እኔ የከተማውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጃለሁ። ሐሙስ ይወጣል፤ ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ኦርፋ በቀይ እርሳስ አርመው ይመልሱልኛል። አንድ ጊዜ የአየር ትንበያውን አረሙት። ትክክል ነበሩ።

ኮተር ቤንድ ከሁሉ በላይ የሚኮራው በደረሰበት በደል ነው። የአውራጃው ዋና ከተማ እኛ ነበርን። በ1888 የማርሎው ከተማ ሰዎች በጋሪ መጥተው የአውራጃውን መዝገብ ከነካዝናው ሰረቁን፤ ዋና ከተማነቱም አብሮ ሄደ። እዚህ ልጅ መራመድ ሳይችል ማርሎውን መጥላት ይችላል። ወይዘሮ ኦርፋ ይህ በደል በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ መንገድ ዳር እንዲቆም ለግዛቱ መንግሥት ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ጽፈዋል። ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ተፈቀደላቸው። የቀረው የከተማው ሰው ጽሑፉን በድምፅ ማጽደቁ ብቻ ነበር።

በስብሰባው ዕለት ካርቶናቸውን ከፈቱና አንድ ደብዳቤ አነበቡ። ቅድመ አያታቸው ለወንድማቸው የጻፉት ነው፤ በዚያው ሳምንት ከአሮጌ ሳጥን ሥር አግኝተውታል። ለካ በ1886 አንድ እሑድ፣ የማርሎው ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ካዝናውን መጀመሪያ የጫነው የእኛ ጋሪ ነው። ነጂው ራሳቸው ቅድመ አያትየው። ካዝናውን አምጥተው ቁልፉን ማርሎው ረሱት። ኮተር ቤንድ አውራጃውን ሁለት ዓመት ያስተዳደረው በማይከፈት ካዝና ነበር።

የጎተራው ኃላፊ ዱዌን ስካግስ ተነሣ።

«ወይዘሮ ኦርፋ፣ ይቺን ወረቀት ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ቤትዎ ምድጃ አለ አይደል?»

«አለ። አንተ ዱዌን፣ አውቶቡስ ውስጥም እንዲሁ ነበርክ። ሰሌዳው ውሸት ተጽፎበት ከሚቆም ባይቆም ይሻለኛል።»

ድምፅ ሳይሰጥ ስብሰባው ተበተነ። ሰው መንገድ ላይ ሲያያቸው ወደ ማዶ መሻገር ጀመረ። እሳቸውም ቤታቸውን ዘጉ። ጋዜጣዬ ሦስት ሳምንት ሳይታረም ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት የደብዳቤውን ታሪክ በፊት ገጽ አወጣሁት። ስርቆቱ የተፈጸመው በ1887 ነው ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ገና ቢሮ ሳልከፍት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀዩን እርሳስ ይዘዋል።

«ሰማንያ ስድስት» አሉ። «ሳነብ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?»

እርማቱን በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ከጋዜጣው ስም ሥር፣ በትልቁ አወጣሁት። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ዱዌን ጋዜጣውን ይዞ ተነሣ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዓመት ከዓመት ሲቀንስ ቆየ።

«ቆይ። እነሱ ሰማንያ ስምንት፣ እኛ ሰማንያ ስድስት። በሁለት ዓመት ቀድመናቸዋል ማለት ነው?»

«ወረቀቱ አለኝ» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ።

አንድም ተቃውሞ አልነበረም። አሁን በከተማችን መግቢያ፣ ከማርሎው ለሚመጣ ሁሉ እንዲታይ፣ የአውራጃውን ካዝና መጀመሪያ የሰረቅነው እኛ መሆናችን በነሐስ ተጽፏል። ዱዌን በየቅዳሜው ያጥበዋል።

ሰሌዳው የተመረቀ ዕለት ወይዘሮ ኦርፋ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያቺን ሰማንያ ሰባት ሆን ብለህ ነው የጻፍካት።»

«ወረቀቱ አለዎት?» አልኳቸው።

አልነበራቸውም።